ቁስል እንዴት ይድናል? የሽፋን ህብረ ህዋስ ሥራና ለቁስል ሊደረግ የሚገባው እንክብካቤ

የሰው አካል ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ሽፋን ህብረ ህዋስ በተባለ ልባስ የተሸፈነ ነው። የቆዳ የላይኛው ክፍል፣ የአፍና የጉሮሮ ውስጠኛ ገጽ፣ የመተንፈሻ አካላት፣ ጨጓራና አንጀት፣ የሽንት ፊኛ እንዲሁም የዐይን ብሌን የላይኛው ገጽ የዚህ ህብረ ህዋስ ልባስ አላቸው። ይህ ሽፋን በሚጎዳበት ጊዜ ራሱን የመጠገን ከፍተኛ ችሎታ አለው። ይሁን እንጂ ችሎታው ወሰን ያለው ሲሆን፣ ወሰኑን በዋናነት የሚያበጀው የጉዳቱ ጥልቀት ነው። በቤት ውስጥ በሚደረግ እንክብካቤ የሚድነውን ቁስል የሕክምና ባለሙያ እጅ ከሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ ከአካል ጉዳትና ከሞት ይታደጋል።

የሽፋን ህብረ ህዋስ ተግባር

በሽፋን ህብረ ህዋስ ውስጥ የሚገኙ ህዋሳት እርስ በርስ ተጠጋግተውና ተያይዘው የተደረደሩ ናቸው። የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም፤ ምግብና ኦክስጅን የሚያገኙት ከሥራቸው ከሚገኘው ህብረ ህዋስ ነው። አደራደራቸው እንደ ሥራቸው ይለያያል። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ኦክስጅን በቀላሉ እንዲያልፍ አንድ ስስ ረድፍ ብቻ ይገኛል። በአንጀት ውስጥም ምግብ የሚመጥጠው አንድ ረድፍ ህዋስ ነው። ፍትጊያ በሚበዛባቸው እንደ አፍ፣ ጉሮሮና ቆዳ ባሉ ቦታዎች ግን ህዋሳቱ ተደራርበው ይገኛሉ።

በቆዳ ላይ አዳዲስ ህዋሳት የሚወለዱት ከታችኛው ረድፍ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተገፉ ኬራቲን በተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ይሞላሉ፤ በመጨረሻም ሞተው ይረግፋሉ። የላይኛው ቆዳ በዚህ መንገድ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ባለው ጊዜ ይታደሳል። የአንጀት ሽፋን ደግሞ ከ3 እስከ 5 ቀናት ውስጥ ይተካል።

ያልተጎዳ ቆዳ ጀርሞችን ከውጭ ያግዳል፤ የሰውነት ፈሳሽም እንዳይባክን ይይዛል። ሰፊ ቃጠሎ ለሕይወት አስጊ የሚሆነው ይህ አጥር በመፍረሱ፣ ሰውነት ብዙ ፈሳሽ ስለሚያጣና ለኢንፌክሽን ስለሚጋለጥ ነው።

ቁስል የሚድንባቸው ደረጃዎች

የቁስል መዳን እርስ በርስ የሚደራረቡ አራት ደረጃዎች አሉት።

የመጀመሪያው ደም መቆም ነው። የተቆረጡ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ በደም ውስጥ የሚገኙ አርጊ ህዋሳትም ተሰባስበው ደሙን ያረጋሉ።

ሁለተኛው የጽዳት ደረጃ ነው። ነጭ የደም ህዋሳት ወደ ቁስሉ መጥተው ጀርሞችንና የሞቱ ህዋሳትን ያስወግዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በቁስሉ ዙሪያ የሚታየው መጠነኛ መቅላት፣ ሙቀትና እብጠት የዚህ ሥራ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ግንባታ ነው። ከሥር አዲስ ሥጋና ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበቅላሉ። በቁስሉ ጠርዝ ያሉ የሽፋን ህዋሳት ከጎረቤቶቻቸው ተላቀው ወደ መካከል ይጓዛሉ፤ እየተባዙም ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ቁስሉ ጥልቅ ካልሆነ ደግሞ በፀጉር ሥርና በላብ ዕጢዎች ውስጥ የተረፉ ህዋሳት ከመሃል ተነሥተው ሥራውን ያፋጥናሉ።

አራተኛው መጠናከር ሲሆን፣ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ጠባሳ በደንብ ከጠነከረ በኋላም ቢሆን ጥንካሬው ካልተጎዳ ቆዳ 80 በመቶ ገደማ ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥበት ኬሎይድ የተባለ ሁኔታ ይበልጥ ይታያል።

የጉዳቱ ጥልቀት የሚያመጣው ልዩነት

የላይኛውን ቆዳ ብቻ የነካ ጭረት ወይም ቃጠሎ በቀናት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ጠባሳ ይድናል። ውስጠኛውን ቆዳ በከፊል የነካና ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ እንደ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

የቆዳውን ሙሉ ውፍረት ያጠፋ ቃጠሎ የፀጉር ሥርንና የላብ ዕጢን አብሮ ስለሚያጠፋ፣ አዲስ ሽፋን ሊመጣ የሚችለው ከጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ በጣም ትንሽ ካልሆነ በስተቀር የቆዳ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ቃጠሎ ነጭ ወይም የከሰለ መልክ ይኖረዋል፤ የስሜት ነርቮች ስለሚጠፉም ላያም ይችላል። የሕመም አለመኖር የጉዳቱን ቀላልነት አያመለክትም። በጣትና በመገጣጠሚያ ላይ የደረሰ ጥልቅ ቃጠሎ በወቅቱ ካልታከመ ጠባሳው እየተሸበሸበ እጅን ወይም እግርን ሊያኮማትር ይችላል።

ፈውስን የሚያግዙና የሚያዘገዩ ነገሮች

ቁስል አየር እንዲያገኝና እንዲደርቅ ገልጦ መተው ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ነው። ሆኖም ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት፣ በአሳማዎች ላይ የተሸፈኑና እርጥበታቸው የተጠበቀ ቁስሎች ተገልጠው ከደረቁት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ሽፋን ማብቀላቸውን አሳይቷል። የሽፋን ህዋሳት በእርጥብ ገጽ ላይ በቀላሉ ይጓዛሉ፤ ደረቅ ቅርፊት ሲያጋጥማቸው ግን ከሥሩ ሰርስረው ማለፍ ይኖርባቸዋል።

በቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ ወይም ቡና መቀባት ሙቀቱ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ጀርም ያስገባል፤ ባለሙያውም የጉዳቱን ጥልቀት እንዳይለይ ይጋርዳል። በቁስል ላይ አፈር ወይም እበት ማድረግ መንጋጋ ቆልፍ የተባለውን ገዳይ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ የበሽታው ጀርም በአፈርና በእንስሳት እዳሪ ውስጥ ይገኛልና። ወደ ቁስል ውስጥ አልኮል ማፍሰስም በማደግ ላይ ያሉ ህዋሳትን ይጎዳል።

ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኤ እና ዚንክ የያዙ ምግቦች ለፈውስ ይረዳሉ። ሲጋራ ማጨስ፣ ቁጥጥር የሌለው የስኳር በሽታና የምግብ እጥረት ፈውስን ያዘገያሉ። የስኳር ሕሙማን በእግራቸው ላይ የሚወጣን ትንሽ ቁስል ሳይቀር በወቅቱ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

• ለቆረጣና ለጭረት፦ እጅን መታጠብ፤ ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳያቋርጡ መጫን፤ ደሙ ሲቆም ቁስሉን በሚወርድ ንጹሕ ውኃ፣ ዙሪያውን በሳሙና ማጠብ፤ በንጹሕ ፋሻ መሸፈን፤ ፋሻው ሲርስ ወይም ሲቆሽሽ መቀየር።

• ለቃጠሎ፦ ቀለበት፣ አምባርና ያልተጣበቀ ልብስ ማውለቅ፤ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማቀዝቀዝ፤ በረዶ አለመጠቀም፤ ውኃ የቋጠረውን አለማፍረጥ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን። ሕፃናትና ሰፊ ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች በሚቀዘቅዙበት ጊዜ ቀሪው አካላቸው እንዳይበርደው መሸፈን አለበት።

• ለውሻ ወይም ለሌላ እንስሳ ንክሻ፦ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመጠየቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ።

ወደ ጤና ተቋም በአስቸኳይ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• ደሙ ተጭኖም የማይቆም ከሆነ፤
• ቁስሉ ጥልቅ፣ ጠርዙ የተከፈተ፣ ወይም ባዕድ ነገር የቀረበት ከሆነ፤
• ቃጠሎው በፊት፣ በእጅ፣ በእግር፣ በመገጣጠሚያ ወይም በብልት አካባቢ ከሆነ፤ ከተጎጂው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፤ ወይም በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የደረሰ ከሆነ፤
• ተጎጂው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆነ፣ ወይም ጭስ ከሳበ፤
• መቅላቱና ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከታየ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፤
• ቁስሉ በ2 ሳምንት ውስጥ የመዳን ምልክት ካላሳየ።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ቀላል ቁስል በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይታያል። ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ተጎጂ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ተገልጋዮች ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓትና ምክንያት፣ በቁስሉ ላይ የተደረገውን ነገር ሁሉ፣ ያለባቸውን ሕመም እንዲሁም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጨረሻ የወሰዱበትን ጊዜ ለባለሙያው ቢያስረዱ ተገቢውን ሕክምና በፍጥነት ለማግኘት ይረዳቸዋል። የክትባት ካርድ ያላቸው ይዘው እንዲቀርቡ ይመከራል። አምቡላንስ ለሚያስፈልጋቸው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 የስልክ መስመር አገልግሎት ይሰጣል።