መስመር ከመስመር ማን አዛመደው?

በ1966 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንሂድ) የኤምአይቲው ሲይሞር ፓፐርት ለክረምት ሠራተኞቹ አንድ ሥራ ሰጠ። ኮምፒዩተር ከካሜራ የመጣ ምስል ተቀብሎ ዕቃውን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ እንዲለይ፣ በመጨረሻም ዕቃውን በስሙ እንዲጠራ ማድረግ። በአንድ ክረምት! የክረምት ፕሮግራም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሁሉ መጨረሻውን ይገምታል።

ጠርዝ ማግኘቱ አልነበረም የከበደው። ብርሃን ድንገት የሚለወጥበትን ቦታ መፈለግ ሒሳብ ነው፤ ላሪ ሮበርትስ በ1963 የመመረቂያ ጽሑፉ የሣጥን መሰል ቅርጾችን ጠርዝ አውጥቶ አሳይቷል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአንድ ተራ ፎቶ ስፍር ቁጥር የሌለው ቁርጥራጭ መስመር ይወጣል፤ ከፊሉ የወንበሩ፣ ከፊሉ የጥላው፣ ከፊሉ የማንም ያልሆነ። ታዲያ የትኛው ከየትኛው ይዘመድ?

ለመልሱ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቬርትሃይመር በ1923 ጀርመን ውስጥ ባሳተመው ጥናት ነጥቦችን ደርድሮ ሰው እንዴት እንደሚያያቸው መርምሮ ነበር። የተቀራረቡትን አብረን እናያለን፤ የሚመሳሰሉትንና በአንድ አቅጣጫ የሚቀጥሉትንም እንዲሁ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ተሰዶ ኒው ዮርክ ገባ፤ በ1943 እዚያው አገር ሞተ።

ቬርትሃይመር እንዲህ እናያለን አለ እንጂ ነገሩን ማሽን በሚገባው ቋንቋ አልተወልንም። ለእኛ የዚህ ታሪክ ጀግና ዴቪድ ሎው ነው። በ1985 መጽሐፉ ጥያቄውን ገለበጠው፦ እነዚህ ሁለት መስመሮች ትይዩ ሆነው የታዩት እንዲሁ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው? ዕድሉ ትንሽ ከሆነ በእውነተኛውም ዓለም ዘመዳሞች ናቸውና አብረው ይታሰሩ። የሎው ፕሮግራም በዚህ ዘዴ ተደራርበው ከተጣሉ የጢም መላጫዎች መካከል መላጫዎቹን ለይቶ አወጣ። አዎ፣ የጢም መላጫ!

ከ2012 ወዲህ ሕግ መጻፉ እየቀረ፣ ከሚሊዮን በላይ ፎቶ እያሳዩ ማስተማሩ ነገሠ። ማሽኑ ቅርጽን በራሱ ተምሮታል የሚሉ በዙ። በ2019 ቱቢንገን ያሉ ተመራማሪዎች ግን የዝሆን ቆዳ የለበሰች ድመት ምስል አቀረቡ። ሰዎች ድመት አሉ፤ ማሽኑ ዝሆን አለ። ተመራማሪዎቹ የፎቶዎቹን ገጽታ በሠዓሊ ብሩሽ ስልት አዘበራርቀው እንደገና ሲያሠለጥኑት ነው ቅርጹን ማየት የጀመረው።