ኮሎምበስ ክሩ፦ ደጋፊዎቹ ከከተማቸው እንዳይወጣ ያስቀሩት ክለብ

ኮሎምበስ ክሩ በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኮሎምበስ የሚገኝ የእግር ኳስ ክለብ ነው። በ2017 ባለቤቱ ክለቡን በቴክሳስ ግዛት ወደምትገኘው የኦስቲን ከተማ ለማዛወር ማቀዳቸው ታወቀ። ደጋፊዎቹም ከአንድ ዓመት በላይ የዘለቀ ዘመቻ አካሄዱ፤ ክለቡም በተመሠረተበት ከተማ ቀረ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክለቡና ከተማው

ኮሎምበስ ክሩ የተመሠረተው በ1994 ሲሆን፣ በ1996 የተጀመረው የአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ሶከር (ኤም ኤል ኤስ)፣ ከአሥሩ መሥራቾች አንዱ ነው። በ1999 የተከፈተው ስታዲየሙ በሊጉ ውስጥ ለእግር ኳስ ተብሎ የተገነባ የመጀመሪያው ትልቅ ስታዲየም ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን በ2001፣ በ2005፣ በ2009 እና በ2013 በተደረጉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎች ሜክሲኮን አራቱንም ጊዜ 2 ለ 0 ያሸነፈው በዚሁ ሜዳ ነው። ክለቡ በ2008 የሊጉን ዋንጫ አንሥቷል።

ክለብ እንዴት ይዛወራል?

በአሜሪካ የስፖርት ሥርዓት ወደ ታችኛው ሊግ መውረድም ሆነ ወደ ላይኛው ማደግ የለም። በሊጉ መሳተፍ የሚቻለው ቦታ በመግዛት ነው። ባለሀብቱ ያንን ቦታ፣ ሊጉ ከፈቀደለት፣ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ይችላል። በ2005 የውድድር ዘመን ማብቂያ የሳን ሆዜ ክለብ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ወደ ሂውስተን የተዛወሩት በዚህ መንገድ ነበር።

ኮሎምበስ ክሩን የመሠረተው የሀንት ቤተሰብ ክለቡን በ2013 ለካሊፎርኒያው ባለሀብት አንቶኒ ፕሬኮርት ሸጠ። አዲሱ ባለቤት ክለቡን ለአሥር ዓመት በኮሎምበስ ለማቆየት ተስማምተው ነበር። ኋላ ይፋ እንደሆነው ግን ስምምነቱ አንዲት ከተማን ለይቶ ነፃ ያደርግ ነበር፤ እርሷም ኦስቲን ነበረች። በኦክቶበር 2017 በከተማዋ መሐል አዲስ ስታዲየም ካልተሠራ ክለቡ ወደ ኦስቲን እንደሚሄድ ተሰማ። ባለቤቱ የተመልካችና የስፖንሰር ገቢ ማነስን በምክንያትነት አቀረቡ። ደጋፊዎች ግን ውሳኔው ክለቡ ሲገዛ ጀምሮ የታሰበ ነው ብለው ተከራከሩ።

ዘመቻው

ዜናው በተሰማ በቀናት ውስጥ ደጋፊዎች በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ፊት ሰልፍ ወጡ። «ክሩን አድኑ» የሚለው መፈክር በቤቶች ደጃፍ፣ በመደብሮች መስኮትና በሌሎች ክለቦች ስታዲየሞች ሳይቀር ታየ። ዘመቻውን የመሩት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ጠበቆች ውሎችን መረመሩ፤ የንግድ ሰዎች የአካባቢውን ድርጅቶች ድጋፍ አሰባሰቡ፤ ሠዓሊዎች ዓርማና ፖስተር አዘጋጁ።

ዘመቻው በቁጣ ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልተራመደ ነበር። አዘጋጆቹ ለተቀረበው ክስ በቁጥር መልስ መስጠት እንዳለባቸው ተረዱ። ክለቡ ከቀረ የዓመት ትኬት ለመግዛት ቃል የሚገቡ ሰዎችን መመዝገብ ጀመሩ፤ ቃል የተገባባቸው ትኬቶችም ከ10,000 አለፉ። ይህም በከተማዋ ገበያ የለም ለሚለው ክርክር የማያሻማ መልስ ሆነ።

የኦሃዮ ሕግ

የዘመቻው ሁለተኛ ምሰሶ የቆየ ቁስል የወለደው ሕግ ነው። በ1995 የክሊቭላንድ ብራውንስ የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ባለቤት አርት ሞዴል ቡድናቸውን ወደ ባልቲሞር እንደሚወስዱ ባሳወቁ ጊዜ ኦሃዮ ክፉኛ ደነገጠች። በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ከሕዝብ ግብር ድጋፍ ያገኘና በሕዝብ ገንዘብ በታገዘ ቦታ የሚጫወት ክለብ ከመሄዱ ስድስት ወር በፊት ማሳወቅና ለአካባቢው ገዢዎች ዕድል መስጠት አለበት።

በማርች 2018 የኦሃዮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማይክ ዲዋይን እና የኮሎምበስ ከተማ በዚህ ሕግ ክስ መሠረቱ። ሊጉና ባለቤቱ ሕጉ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ሲሉ ተቃወሙ። ክርክሩ የመጨረሻ ፍርድ ሳያገኝ ቢቀርም፣ ገዢ ለማፈላለግ የሚያስፈልገውን ጊዜ አስገኘ።

ውጤቱ

በኦክቶበር 2018 ሁለት ቤተሰቦች ክለቡን ለመግዛት በድርድር ላይ መሆናቸው ተገለጸ። አንደኛው የሀስላም ቤተሰብ ሲሆን፣ ለሕጉ መውጣት ምክንያት የሆነው የክሊቭላንድ ብራውንስ የዛሬ ባለቤት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የክለቡ የረጅም ጊዜ ሐኪም የነበሩት የዶክተር ፒት ኤድዋርድስ ቤተሰብ ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች በጃንዋሪ 2019 ክለቡን ተረከቡ። ፕሬኮርትም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ ኦስቲን የራሷን አዲስ ክለብ አግኝታ በ2021 ውድድር ጀመረች።

ኮሎምበስ ክሩ በ2020 ሲያትል ሳውንደርስን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በ2021 በከተማዋ መሐል አዲስ ስታዲየም ተከፈተ፤ በ2023ም ሦስተኛውን ዋንጫ አነሣ። አዲሶቹ ባለቤቶች በ2021 የክለቡን ስም ለመለወጥ ሲሞክሩ ደጋፊዎች በድጋሚ ተቃወሙ፤ «ክሩ» የሚለው ስምም በቀናት ውስጥ ተመለሰ።

ዘመቻ ሳይሳካ ሲቀር

ሁሉም ትግል እንዲህ አይጠናቀቅም። በእንግሊዝ የዊምብልደን ደጋፊዎች ክለባቸው ከለንደን ወደ ሚልተን ኪንስ እንዳይዛወር ቢታገሉም፣ በ2002 የእግር ኳስ ማኅበሩ የሰየመው ኮሚሽን ዝውውሩን ፈቀደ። ደጋፊዎቹ በዚያው ዓመት ኤኤፍሲ ዊምብልደን የተባለ የራሳቸውን ክለብ መሥርተው ከዘጠነኛው እርከን ጀመሩ። በ2011 ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ደረሱ፤ በ2020ም ወደ ቀድሞ ሠፈራቸው ተመለሱ።

ሁለቱ ታሪኮች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ የፍቅር መጠን እንዳልሆነ ይታያል። የዊምብልደን ደጋፊዎች ፍቅር ከባዶ ክለብ ለማቆም በቅቷል። የኮሎምበስ ደጋፊዎች ግን ከፍቅራቸው በተጨማሪ የሚደገፉበት ሕግና ለመግዛት የተዘጋጀ ባለሀብት አገኙ። ሁለቱ እስኪደርሱ ድረስ ጉዳዩ እንዳይረሳ ያደረገው ግን የደጋፊዎቹ ትግል ነበር።