የዐድዋ ጦርነት ሥዕል፦ ድሉን በሸራ ላይ ያቆየ ቅርስ

የዐድዋ ጦርነት ሥዕል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በጣሊያን ወራሪ ጦር ላይ የተቀዳጀውን ድል የሚያሳይ ባህላዊ ሥዕል ነው። የአንድ ሠዓሊ ሥራ ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሠዓሊዎች ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበሉ ስለውታል። አንዱ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል።

አሣሣሉ የታወቀ ሥርዓት አለው። ብዙውን ጊዜ ኢትዮጵያውያን በግራ፣ ጣሊያኖች በቀኝ ይሰለፋሉ። የወገን ጦር ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ሲሣል፣ ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ይህም ደጉን ከክፉ ለመለየት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ልማድ ነው። ውጊያው የተደረገው በቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ስለ ነበር ሰማዕቱ በነጭ ፈረሱ ከላይ ይታያል። ዐፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ይሣላሉ።

ሥዕሉ የውጊያ ካርታ አይደለም። የጣሊያን ብርጌዶች በተራሮች መካከል ተለያይተው በየስፍራቸው ተመትተዋል፤ ጄኔራል አልቤርቶኔ ሲማረክ፣ ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ወድቀዋል። ሠዓሊው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ ያሳያል። በዚህም ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ሥዕሉ የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል።

ታሪኩ ለቆቦና ለአካባቢው የሩቅ አይደለም። የጦርነቱ መነሻ የሆነው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከቆቦ በስተደቡብ በምትገኘው ውጫሌ ነው። ወረ ኢሉ የዘማቹ መሰባሰቢያ ነበረች፤ ሠራዊቱም በወሎ በኩል ወደ አሸንጌ ሐይቅ አቅጣጫ ተጓዘ። የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኛቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

በሥዕሉ ላይ ስማቸው የሚጻፈው መኳንንቱና የጦር አበጋዞቹ ናቸው። ስንቁን ቋጥሮ፣ እርሻውን ትቶ የዘመተው ገበሬ ግን ጋሻና ጠመንጃ ይዞ፣ ያለ ስም በሰልፉ መካከል ይታያል። የእርሱ ስም የሚገኘው አረጋውያን ለልጆቻቸው በሚቆጥሩት የትውልድ ሐረግ ነው። ስለዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚገኙ ጥንታውያን ሥዕሎችን ከጢስ፣ ከእርጥበትና ከሻጭ እጅ መጠበቅ እንደሚገባ ሁሉ፣ የዘማቾችን ስም አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መመዝገብም ይገባል።