የቅጠል ምርመራና የቦወን ጎመን



ተክል ከመሬት የሚያገኘው ምግብ ሁሉ በቍና የሚሰፈር አይደለም። መጠኑ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ከጎደለ ግን ተክሉን የሚያደርቅ ንጥረ ነገርም አለ። በ1923 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካትሪን ዋሪንግተን የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ባቄላ ያለ ቦሮን በደኅና ሊያድግ እንደማይችል አስረዳች። ነገር ግን ከሚሊዮን እጅ አንዱን እጅ የሚለይ ሚዛን ከየት ይገኛል?

ሚዛኑ የተጀመረው ለእርሻ ተብሎ አልነበረም። ጆሴፍ ቶምሰን በ1912 በካምብሪጅ ኒዮን የተባለውን ጋዝ በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል መካከል አሳልፎ ሲመረምር፣ አንዱ ጋዝ ክብደታቸው 20ና 22 በሆነ አቶሞች ተከፍሎ ታየው። ፍራንሲስ አስተን በ1919 መሣሪያውን አሻሻለ፤ በ1922ም የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ከዚያም በ1980 ሮበርት ሃውክ፣ ቬልመር ፋሰልና አለን ግሬይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በአሜሪካ በአዮዋ የተሠራውን አዲስ ዘዴ አስታወቁ። በዚህ ዘዴ ደርቆ የተፈጨው ቅጠል በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ፈሳሹም እንደ ጉም ተበትኖ፣ ሙቀቱ በብዙ ሺህ ዲግሪ ወደሚቈጠር የአርጎን ጋዝ ነበልባል ይገባል፤ በዚያም አቶሞቹ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ይሆናሉ፤ መሣሪያውም በየክብደታቸው ለይቶ ይቈጥራቸዋል።

መሣሪያው ግን ክብደትን እንጂ ስምን አያውቅም፤ አደጋውም ከዚህ ላይ ነው። የአርጎን ክብደት 40፣ በተክል ውስጥ የሚገኘው የክሎሪን ደግሞ 35 ነው። ሁለቱ በነበልባሉ ውስጥ ሲጣበቁ 75 ይሆናሉ፤ 75 ደግሞ አርሴኒክ የተባለው የታወቀ መርዝ ክብደት ነው። እንግዲህ ጨው የበዛበትን ቅጠል ያለ ጥንቃቄ የሚመረምር ሰው፣ ንጹሑን ምርት መርዝ አለበት ብሎ ሊፈርድበትና የገበሬውን ድካም ከገበያ ሊያስመልስ ይችላል። የመሣሪያው ውድነት ከዚህ ስሕተት አያድንም። ደግነቱ፣ ክሎሪን ክብደቱ 37 የሆነ ወንድም ስላለው፣ የሐሰቱ ምልክት በ77 ላይም ይታያል፤ ይህም ሐሰቱን በስሌት ለመቀነስ ይረዳል።

ይህ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ሃምፍሪ ቦወን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት፣ ለከብት መኖ የሚዘራ ጎመን አድርቆና ፈጭቶ፣ አንድ ወጥ እስኪሆን ቀላቅሎ፣ ለልዩ ልዩ ላቦራቶሪዎች አደለ። ዱቄቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለአንዳንዱ ንጥረ ነገር የመጣው መልስ የተለያየ ነበር፤ ቦወንም ውጤቱን በ1967 አሳተመ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ለመሣሪያ ሠሪዎቹ ከተሰጠው ምስጋና ለዚህ ጎመን የሚገባው ድርሻ ገና አልተከፈለም። በ1971 ደግሞ የአሜሪካ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት፣ ከፍራፍሬ ዛፍ ቅጠል የተዘጋጀ ዱቄት ከምስክር ወረቀት ጋር አወጣ።

ስለዚህ ጠንቃቃ ኬሚስት የማያውቀውን ቅጠል ብቻውን አያሟሟም፤ የምስክር ወረቀት ያለውን ዱቄት ከጎኑ አድርጎ በዚያው አሲድ፣ በዚያው ቀን አብሮ ይመረምረዋል። የዚህኛው ቍጥር ከወረቀቱ ጋር ካልተስማማ፣ የዚያኛው ቍጥር ከላቦራቶሪው አይወጣም።