አውቶሞቢል የአሜሪካንን ሕዝብ ኑሮ እንዴት እንደ ለወጠ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ይነግሩናል። ነገር ግን የሕዝብን ኑሮ ከመሠረቱ የሚለውጠው አንዳንድ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሳይሆን ከፋብሪካ የሚወጣ አንድ ዕቃ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ፥ አውቶሞቢልና ዕቃን በብዛት የማምረት ዘዴ ለአሜሪካ ሕዝብ ምን እንደ ሰጡትና ምን እንዳስከፈሉት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውቶሞቢል የተወለደው በአሜሪካ አይደለም። በ1886 በቤንዚን የሚሄድ ተሽከርካሪ ሠርቶ በስሙ ያስመዘገበው ካርል ቤንዝ የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1900 በመላው አሜሪካ የነበሩት አውቶሞቢሎች 8,000 ያህል ብቻ ነበሩ። ብልኅ ባለሙያዎች ብረቱን እየሞረዱና እያስማሙ አንድ በአንድ ይሠሯቸው ስለ ነበር፥ ዋጋቸው ውድ፥ ባለቤቶቻቸውም ሀብታሞች ነበሩ። ተራው ሰው ሩቅ ስፍራ ለመሄድ ባቡር ነበረው፤ ዳሩ ግን ባቡር ከሐዲዱ አይወጣም፤ ተሳፋሪውም ባቡሩን ይጠብቃል እንጂ ባቡሩ ተሳፋሪውን አይጠብቅም። ከሐዲዱ ርቆ የሚኖረው ገበሬማ ዝናብና በረዶ በወረደ ጊዜ በጭቃ ታግዶ ይሰነብት ነበር።

ይህን ኑሮ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው ሄንሪ ፎርድ ነው። ፎርድ በ1863 በሚሺጋን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1903 በዲትሮይት ከተማ ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1908ም «ሞዴል ቲ» የተባለውን አውቶሞቢል ለገበያ አወጣ። ይህ አውቶሞቢል ከመሬት ከፍ ያለ፥ ለኮረኮንች መንገድ የተስማማ፥ ለመጠገንም የማያስቸግር ነበር። ዋጋው ግን በመጀመሪያ 850 ዶላር ያህል ስለ ነበር፥ ለብዙ ሰው ገና አልተደረሰበትም ነበር።

ዋጋው እንዲወርድ የሚሠራበት ዘዴ መለወጥ ነበረበት። በቺካጎ ከተማ በነበሩት ቄራዎች የታረደው ከብት በሜንጦ ላይ ተሰቅሎ በሠራተኞቹ ፊት ሲያልፍ፥ እያንዳንዱ የተመደበለትን ብልት ብቻ ይቆርጥ ነበር። የፎርድ መሐንዲሶች ይህን አሳብ ገልብጠው፥ በመበለት ፈንታ ለመገጣጠም አዋሉት። በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ የአውቶሞቢሉ አካል እየተንቀሳቀሰ በሠራተኞቹ ፊት እንዲያልፍ ተደረገ። አንዱ ብሎን ያስገባል፤ ሁለተኛው ያጠብቀዋል፤ ሦስተኛው ሌላውን ይቀጥላል። ቀድሞ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። በ1925 ከሁሉ የረከሰው ሞዴል ቲ በ260 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ1927 ሥራው እስኪቆም ድረስም ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። ሀገሩ ሁሉ እንዲንቀሳቀስ ሠራተኛው ካለበት ስፍራ ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት። ብልኅ ባለሙያ የነበረው ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ ሥራው ሆነ፤ ፍጥነቱንም የሚወስነው እርሱ ሳይሆን መኪናው ነበር። ስለዚህም ሠራተኞቹ ሥራውን እየጠሉ ይሄዱ ጀመር። በ1913 ኩባንያው 14,000 ያህል ሠራተኞች እንዳይጎድሉበት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰዎች መቅጠር አስፈልጎታል። ፎርድ በጥር 1914 የቀን ደመወዝ 5 ዶላር፥ የሥራውም ጊዜ 8 ሰዓት እንዲሆን ያስታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ ደመወዙ ለ9 ሰዓት 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ያህል ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን በለጋስነት ብቻ ይተረጕሙታል፤ እኔ ግን ገንዘቡ የመቆሙ ዋጋ ነበር እላለሁ። ደግሞም እንዲያው አልተሰጠም፤ የኩባንያው መርማሪዎች በየሠራተኛው ቤት እየዞሩ፥ መጠጥ አለማብዛቱን፥ ቤቱን በንጽሕና መያዙንና ገንዘብ ማጠራቀሙን ይመረምሩ ነበር።

የሆነ ሆኖ፥ ሕዝቡ ያገኘው ጥቅም ታላቅ ነው። ገበሬው ምርቱን ራሱ ገበያ ያደርስ ጀመር፤ ሐኪም ወደ በሽተኛው ቶሎ ደረሰ፤ በየገጠሩ የነበሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች ተዋሕደው፥ ልጆች በአውቶቡስ ወደ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ይሄዱ ጀመር። መንግሥት በ1916ና በ1921 ለመንገድ ሥራ ሕግ አወጣ፤ በ1956ም በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን 41,000 ማይል ርዝመት ላላቸው ታላላቅ ጎዳናዎች ገንዘብ ተመደበ። ጄነራል ሞተርስ ደግሞ ከ1919 ጀምሮ በየወሩ እየተከፈለ የሚገዛበትን የዱቤ ድርጅት አቋቋመ፤ ቀድሞ ብድርን ያፍርበት የነበረው ሰው በዱቤ መግዛትን ለመደ። በ1900 ከ300,000 ያነሰ ሕዝብ የነበራት ዲትሮይት በ1930 ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆነች፤ ከደቡብ ግዛቶች ጭቆናን ሸሽተው የመጡ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያንም በዚያ እንጀራቸውን ፈለጉ።

ጥቅሙ ግን ለሁሉ እኩል አልደረሰም። በ1947 በኒው ዮርክ አጠገብ የተጀመረው ሌቪታውን የተባለው ሰፈር በፎርድ አሠራር የተሠራ ነበር፤ ልዩነቱ ቤቱ ቆሞ ሠራተኞቹ ከቤት ወደ ቤት መዘዋወራቸው ነው። አውቶሞቢል ያለው ሰው ከከተማ ወጥቶ በዚያ በርካሽ ዋጋ ቤት አገኘ። ነገር ግን ለጥቁሮች አይሸጥም ነበር። በአንጻሩ በታኅሣሥ 1955 ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ብላ በተያዘች ጊዜ፥ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው፥ ከፊሉ በእግሩ፥ ከፊሉም ተባብሮ ባዘጋጃቸው አውቶሞቢሎች እየሄደ ድል አደረጉ። እንግዲህ ያው ዕቃ በአንድ ስፍራ መለያያ፥ በሌላ ስፍራ የነጻነት መሣሪያ ሆነ።

የፋብሪካው ሠራተኛስ ምን ሆነ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፥ ኃይሉን በኅብረት አገኘው። በ1932 በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ሥራ ፈቶች ወደ ፎርድ ፋብሪካ በሰልፍ ሲሄዱ ተተኰሰባቸውና አራት ሰዎች በዚያው ወደቁ። ከዚያም በታኅሣሥ 1936 መጨረሻ በፍሊንት ከተማ የጄነራል ሞተርስ ሠራተኞች ከፋብሪካው አንወጣም ብለው በየቦታቸው ተቀመጡ። ሥራው ሁሉ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለ ነበር፥ ጥቂት ስፍራ ሲቆም ብዙው ቆመ። ከ44 ቀናት በኋላ ኩባንያው ማኅበራቸውን ተቀበለ፤ ፎርድም በ1941 ተከተለ። በኩባንያው ትእዛዝ የቆመው ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲቆም ሰው መሆኑ ታወቀለት።

ዕዳው በዚህ አላበቃም። በየጎዳናው የሚሞተው ሰው ስለ በዛ በ1966 የአውቶሞቢል ደኅንነት ሕግ፥ በ1970 ደግሞ አየርን ከጭስ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ፋብሪካዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩና ሕዝቡ በሠራው አውቶሞቢል ከከተማዋ ሲወጣ፥ በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የዲትሮይት ሕዝብ በ2010 ወደ 714,000 ያህል ወረደ፤ በ2013ም ከተማዋ ዕዳዋን መክፈል እንዳልቻለች ለፍርድ ቤት አስታወቀች።

ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፥ ነጋዴ ወይም አስተዳዳሪ የሚሆኑ አሉ። አዲስ መኪና በቀረበልን ጊዜ በሰዓት ስንት ዕቃ ያወጣል ብለን መጠየቃችን ተገቢ ነው። ነገር ግን አጠገቡ ስለሚቆመው ሰውም እንጠይቅ፤ የአሜሪካ ሠራተኞች ይህ ጥያቄ እስኪሰማላቸው ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ደክመዋልና።