ከሞገድ የተቀዳ ድምፅ

ዝግጅቱ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቴፑ ከመደርደሪያው ይወርዳል። የባትሪ ድንጋዩ ቀድሞ ተፈትሿል፤ መብራት ቢጠፋ ቀረጻው መቋረጥ የለበትም። አንቴናው ወደ መስኮቱ ይመዘዛል፤ የጣቢያ መፈለጊያው በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ይዞራል። ከፉጨቱና ከጭርጭርታው መሀል የታወቀው የመክፈቻ ዜማ ብቅ ሲል “ፕሌይ” እና ቀዩ “ሬኮርድ” አንድ ላይ ይጫናሉ። ራዲዮውና ቴፑ ለየብቻ ከሆኑ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ማንም አያወራም፤ ማይክሮፎኑ የሕፃኑን ልቅሶና የስኒውን ኳኳታ ከዜናው ጋር አብሮ ይለቅመዋልና።

ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። የአንድ ሰዓት ዝግጅት የሚቀርጽ ሰው ግማሹ ላይ መገልበጥ አለበት። ፈጣን እጅ ቢሆንም ጥቂት ሰከንድ ማምለጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ተናጋሪው ትንፋሽ የሚወስድበትን ወይም ሙዚቃ የሚገባበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ባትሪው እየደከመ ሳለ የተቀረጸ ንግግር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው፤ በአዲስ ባትሪ ሲሰማ ተናጋሪው ይቸኩላል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሰጠው ግስ የውኃውን ግስ ነው። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ድምፅም ከራዲዮ ይቀዳል። ስደተኞች በበዙባቸው ከተሞች ይህ ቅጂ ከመዝናኛ በላይ ነበር፤ ከአገር የተለየ ሰው ስለ አገሩ የተባለውን ደግሞ የሚሰማበት፣ ላልሰማው የሚያሰማበት፣ “እንዲህ አላለም” የሚለውን ጓደኛውን የሚረታበት ማስረጃ ነበር። ከእነዚህ ከተሞች አንዷ፣ ከካርቱምና ከኦምዱርማን ጋር ተጋጥማ የሱዳንን ባለ ሦስት ክፍል ዋና ከተማ የምትሠራው ባሕሪ ናት።

ባሕሪ ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን ትገኛለች። ስሟ ለአማርኛ ጆሮ የባሕርን ነገር ያስታውሳል፤ በናይል ሸለቆ ዓረብኛ ግን “ባሕሪ” ማለት ሰሜናዊ ማለት ነው፣ ወንዙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ። ከግብጽ ወሰን የመጣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 መጨረሻ የደረሰው እዚህ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከባቡሩ በኋላ መጋዘኑና ፋብሪካው ተከተለ፤ ሥራ ፈላጊውም እንዲሁ።

የሱዳን ራዲዮ የተወለደው ወንዙን ተሻግሮ በኦምዱርማን ነው። በ1940 የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ለጦርነቱ ወሬ ሲል አነስተኛ ጣቢያ ከፈተ። ራዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ድምፁ በየአደባባዩ በተሰቀሉ ማጉያዎች ይሰማ ነበር። “ሁና ኦምዱርማን” ማለትም “ይህ ኦምዱርማን ነው” የሚለው ጥሪ ለትውልዶች የአገሪቱ መለያ ድምፅ ሆነ።

በዚያው ዓመት በጎረቤቷ በካርቱም አንድ ታላቅ ስደተኛ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ተነሥተው በግብጽ በኩል ካርቱም የገቡት በ1940 ክረምት ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1941 በኡም ኢድላ ድንበር ወደ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ እዚያው ሰነበቱ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል “ባንዲራችን” የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ በካርቱም እያሳተመ ወደ ኢትዮጵያ ይልክ ነበር። ኢትዮጵያዊ በዓባይ ዳር ሆኖ ስለ አገሩ የሚነገረውን የማድመጥና መልሶ የማሰራጨት ልማዱ እንግዲህ ከካሴት በፊት ይጀምራል። ያኔ ግን የጎደለ ነገር ነበር፤ አድማጩ የሰማውን በእጁ ሊያስቀረው አይችልም። ማስቀረት የመንግሥታት ሥራ ነበር። በ1939 የተቋቋመው የቢቢሲ የስርጭት መከታተያ ክፍል የውጭ ጣቢያዎችን ንግግር በሰም ሲሊንደር ላይ እየቀረጸ ያስተረጉም ነበር።

ይህን ሥልጣን ወደ ተራ ሰው እጅ ያወረደችው የፊሊፕስ ካሴት ናት። በሉ ኦተንስ የተመራው ቡድን የሠራት ይህች ትንሽ ዕቃ በ1963 በበርሊን የራዲዮ ዐውደ ርዕይ ታየች። በውስጧ ያለው ጥብጣብ ስፋቱ አራት ሚሊሜትር አይሞላም፤ የ60 ደቂቃዋ ቢዘረጋ ወደ 90 ሜትር ይሄዳል። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ “የብሥራተ ወንጌል ድምፅ” ስርጭት ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1965 የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ዝግጅት ተከተለ። ማድመጫውና መቅረጫው አብረው አደጉ ማለት ነው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ መንገዱ ሞላ። በመተማና በገላባት፣ በሑመራና በሐምዳይት፣ በተሰነይና በከሰላ በኩል ሰው ጎረፈ፤ ከቀይ ሽብር የሸሸው፣ ከጦር ግንባር የኮበለለው፣ ኋላም ከረሀብ ያመለጠው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከኢትዮጵያ የመጣው ስደተኛ፣ ያኔ ኤርትራውያንን የሚጨምረው ቁጥር፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። አብዛኛው በምሥራቅ ሱዳን ሲቀር ጥቂት የማይባለው ወደ ሦስቱ ከተሞች ዘለቀ። ሱዳናውያን ሁሉንም “ሐበሽ” አሏቸው። ሐበሾቹም ከጎረቤት ሁለት ቃል ተማሩ፤ ቴፑ “ሙሰጀል”፣ ካሴቱ “ሸሪጥ”።

አየሩ በዚያ ዘመን የሁለት አገር ጦርነት መንገድ ነበር። የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር “ድምፂ ሓፋሽ”ን በ1979 ጀመረ፤ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ አገልግሎት በ1982 ተከፈተ፤ የሕወሓት “ድምፂ ወያነ” በ1980ዎቹ አጋማሽ ተጨመረ። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ደርግ ለጆን ጋራንግ የደቡብ ሱዳን አማፂ ንቅናቄ ማሰራጫ ፈቅዶ ነበር፤ “ራዲዮ ኤስፒኤልኤ” ከኢትዮጵያ ምድር በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች ይናገር ነበር። ካርቱም ውስጥ ሱዳናዊው በሩን ዘግቶ ጋራንግን ከኢትዮጵያ ይሰማል፤ በጎረቤቱ ያለው ኢትዮጵያዊ ስለ አዲስ አበባ የሚወራውን ከዋሽንግተንና ከኮሎኝ ይሰማል። ሁለቱም መፈለጊያውን የሚያዞሩት በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። የደርግ መውደቅ በ1991 የጋራንግንም ራዲዮ አብሮ ዘጋው።

የጋራንግ ንግግሮች በ1987 በመንሱር ኻሊድ አዘጋጅነት በመጽሐፍ ወጥተዋል፤ በራዲዮ የተላለፉ መግለጫዎቹም ከመጽሐፉ ውስጥ ይገኛሉ። የብዙው ተናጋሪ ቃል ግን ወደ መጽሐፍ የሚያደርሰው ሰው አላገኘም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገራችን ሰው። በ1980ዎቹ በአጭር ሞገድ የተነገረው አብዛኛው ቃል ተርፎ እንደሆነ፣ የተረፈው አንድ አድማጭ ቀዩን ቁልፍ ስለተጫነ ነው።

ቃልን የማትረፍ ጉዳይ በባሕሪ እጅግ የከበደበት ቀን አለ፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1985። ከባሕሪ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በኮበር እስር ቤት የሰባ ስድስት ዓመቱ የሃይማኖት አሳቢ ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። የፕሬዚዳንት ኒሜሪን የ1983 ሕጎች በመቃወማቸው በክህደት ተፈርዶባቸው ነበር። አስከሬናቸው በሄሊኮፕተር ተወሰደ፤ መቃብራቸው እስካሁን አይታወቅም። “ጁምሁሪዮን” የሚባሉት ተማሪዎቻቸው ግን ትምህርታቸውን ለዓመታት በቴፕ ሲቀርጹ ኖረዋል፤ ያ ድምፅ ከካሴት ወደ ዲጂታል ተዛውሮ ዛሬም ይደመጣል። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 6 ቀን፣ ኒሜሪ ከሥልጣን መውረዳቸውን ሕዝቡ የሰማው ከዚያችው ከኦምዱርማን ራዲዮ ነበር።

ካሴት ጠላቱ ብዙ ነው። የካርቱም ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ “ሀቡብ” የሚባለው የአቧራ ማዕበል በተዘጋ መስኮት ይገባል። አቧራው የቴፑን ራስ ይሸፍናል፣ ሙቀቱ ጥብጣቡን ያጥፋል። የተጨማደደ ጥብጣብ በእርሳስ እየዞረ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የተበጠሰው በስኮች ይጣበቃል።

ዲጂታል መቅረጫ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኪስ ልክ ሲመጣ ይህ ሁሉ ጭንቀት ቀለለ። የሚዞር ጥብጣብ የለም፤ መገልበጥ የለም። ከራዲዮው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ቀጭን ገመድ ተስቦ መቅረጫው ላይ ይሰካል፤ የቤቱ ሰው እንደልቡ ያወራል። በ32 ኪሎቢት የተቀረጸ ንግግር በሰዓት 14 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይወስዳል፤ አንድ ጊጋባይት ወደ ሰባ ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። አንድ መሶብ ሙሉ ካሴት በጥፍር ልክ ገባ።

የቀድሞው አድማጭ ያልነበረውን ኃይልም አመጣ፤ በጫጫታ የተዋጠን ቃል አሥር ጊዜ እየመለሱ መስማት ተቻለ። ይህ በ2010 በጣም አስፈልጎ ነበር። በዚያ ዓመት ማርች ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው የጥላቻ ራዲዮ ከሚል ኮሊን ጋር አነጻጽረው፣ ለማፈን ዝግጅት መኖሩን በይፋ ተናገሩ። የአጭር ሞገድ አፈና ድንበር አይጠብቅም፤ በጉርምርምታው መሀል የሚያልፈውን ዐረፍተ ነገር ለመያዝ የቀረጸ ሰው ካልቀረጸው ይሻል ነበር።

ሰዓት አስቀድሞ ሞልቶ የሚቀርጽ መሣሪያ ላለው ሰው ሱዳን ራሷ ፈተና ነበረች። አገሪቱ በጃንዋሪ 2000 ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ገፍታ ከአዲስ አበባ ጋር አስተካከለች፤ በኖቬምበር 2017 መልሳ ወደ ኋላ አመጣችው። አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የሚደመጥ ዝግጅት ካርቱም ላይ እንደገና በሁለት ሰዓት መደመጥ ጀመረ፤ ሰዓቱ ተስተካክሎ የቀረጻ ቀጠሮው ያልተለወጠ መቅረጫ የሚነቃው ዝግጅቱ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

የጠፋም ነገር አለ። ካሴት ወገቡ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀንና የጣቢያ ስም ነበረው፤ የዲጂታሉ ፋይል ግን ቁጥር ብቻ ነው። የመሣሪያው ባትሪ ወጥቶ ከቆየ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካ ቀኑ ይመለስና የ2012 ቃለ ምልልስ በሌላ ዓመት ይመዘገባል። ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ማን ለማን እንደሰጠው ይታወቅ ነበር፤ በስልክ የሚዞር ድምፅ ማን እንደቀረጸው፣ ከየት እንደተቆረጠ አይናገርም። ከአዲስ አበባ ኤፍኤም ጣቢያዎች ተቀድቶ ባሕሪ ድረስ የሚደርስ የእንግዳ ጨዋታ ብዙ ጊዜ መግቢያውንም መሰናበቻውንም ጥሎ ነው የሚደርሰው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል የተጀመረው ጦርነት ባሕሪን ከመጀመሪያው ሰዓት ያዛት። የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዋ ሥራ አቆመ፤ ነዋሪው በጥይት መሀል ወደ ዓባይ ወርዶ ይቀዳ ጀመር። ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ በኖቬምበር ፈረሰ። የኦምዱርማን ራዲዮና ቴሌቪዥን ግቢ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ቆይቶ በማርች 2024 ወደ ጦሩ ተመለሰ። በ2023 ጃንዋሪ ላይ የዓረብኛ ራዲዮውን ዘግቶ የነበረው ቢቢሲ በሜይ ለሱዳን የአስቸኳይ ጊዜ ስርጭት ከፈተ፤ ኔትዎርክ በሌለበት ከተማ አጭር ሞገድ እንደገና አስፈላጊ ሆነ። ለአርባ ዓመታት ሲሰማ የኖረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ አገልግሎትም በማርች 2025 በዋሽንግተን በተሰጠ ትእዛዝ ጸጥ አለ።

ከባሕሪ የወጣው ሰው የወጣው ልጁን አንጠልጥሎ ነው። ቤቶቹ ተዘርፈዋል፤ በአልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጠ ካሴት ለዘራፊ ዋጋ የለውም፣ ለእሳትና ለአቧራ ግን ምቹ ነው። ይህን ቅርስ ማንም ቤተ መዛግብት በስሙ አልመዘገበውም፤ ያለው ቀድተው ባስቀመጡት ሰዎች ዘንድ ነው፤ ካሴቱን ይዘው አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ካይሮ ወይም ሜልበርን በደረሱት። ጥብጣብ ደግሞ በተቀመጠበትም ያረጃል፤ የአሁኑ ዓመት ከሚመጣው ይሻላል።

ሥራው በአንድ ማታ ይጀመራል። በካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይታያሉ፤ ካልተሰበሩ አሁን ይሰበራሉ፣ ማንም በስሕተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት። ጥብጣቡ በእርሳስ ጠበቅ ይደረጋል፤ የቴፑ ራስ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠረጋል። ከቴፑ ወደ ዲጂታል መቅረጫው ገመድ ይዘረጋል። የቤቱ አዋቂ ወደ መቅረጫው ጠጋ ብሎ ቀኑን፣ ጣቢያውን፣ የተናጋሪውን ስምና የቀዳውን ሰው ይናገራል። ከዚያ ቴፑ ላይ “ፕሌይ” ብቻ ይጫናል፤ ቀዩ ቁልፍ አይነካም።