ዕድር ከቀብር ወደ ሕሙማን ቤት

በከተሞች፥ ይልቁንም በአዲስ አበባ፥ ዕድር እየሰፋ የኼደው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ምክንያቱም ከየአገሩ የገባው ሰው ወገኑን ጥሎ መጥቶ ነበርና፥ በሞተ ጊዜ ሬሳውን የሚገንዝ፥ ድንኳን የሚተክል፥ ለቀስተኛውን የሚቀበል ጎረቤት አስፈለገው። ዳኛ ተመረጠ፤ ጸሓፊና ገንዘብ ያዥ ተሾሙ፤ ጥሩምባው በተነፋ ጊዜ ከቀብር የቀረ መቀጮ ከፈለ። ማኅበርና ሰንበቴ በታቦት ስም ሲቆሙ፥ ዕድር ግን አብዛኛውን ጊዜ በጉርብትና የቆመ ስለ ኾነ ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድ መዝገብ ሊያገናኝ ቻለ።

ነገር ግን በዚህ መልካም ሥርዓት ውስጥ አንድ ጉድለት ነበረበት። ገንዘቡ የተቈጠረው ለሞት ነው። አባወራው ዓመት ሙሉ በአልጋ ላይ ቢማቅቅ፥ ልጆቹም ጾማቸውን ቢያድሩ፥ ሣጥኑ የሚከፈተው ነፍሱ ከወጣች በኋላ ነበር። ይህ ነገር ለብዙ ዘመን ማንንም አላስደነቀም።

ያስደነቀው ኤችአይቪ ነው። በኢትዮጵያ የበሽታው ምልክት በደም ምርመራ የታየው በ1976 ዓ.ም. ሲኾን፥ ሕሙማኑ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ መዠመሪያ ግን ጥሩምባው ለጐልማሶች አዘውትሮ ይነፋ ዠመር፤ መዋጮ የሚከፍሉት እየሞቱ፥ የሚከፈልላቸው እየበዙ ኼዱ። ስለዚህ አንዳንዱ ዕድር ደንቡን አሻሽሎ ከመዋጮው ለሕያዋን ድርሻ ለየ፤ ከሴቶቹም በጎ ፈቃደኞች ተመርጠው ስለ ሕሙማን አያያዝ ተማሩ።

ሥራቸው ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ሕሙሙን ያጥባሉ፤ ጐኑ እንዳይቈስል ያገላብጡታል፤ አንሶላውን ያጥባሉ፤ አጥሚት ያጠጣሉ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ይከታተላሉ። እጅግ የሚከብደው ግን ደጁን ማስከፈት ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰው ከበሽታው ይልቅ የጎረቤቱን አፍ ይፈራ ነበርና። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛዪቱ ስለ በሽታው ሳታነሣ ቡና ለመጠጣት እንደ መጣች ኾና ትገባለች፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ የቤቱ እመቤት ራሷ ትናገራለች። ይህን ጥበብ ማንም መጽሐፍ አላስተማራቸውም።

በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ ያለ ዋጋ ይታደል ዠመር። ያን ጊዜ ሥራው ተለወጠ፤ ለሞት የሚያዘጋጁት ሰው ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እነርሱም የመድኃኒቱን ሰዓት አስታዋሾች ኾኑ።

በእነዚሁ ዓመታት መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ዠምሮ፥ አንድ ዓመት የተማሩ ሴቶችን በየቀበሌው ኹለት ኹለት አድርጎ አቆመ። እነዚህ ደመወዝተኞች ናቸው። በኋላም የሴቶች የልማት ቡድን ሲቋቋም፥ አንዲት ሴት ለአምስት ቤት እየተመደበች ያለ ደመወዝ ታግዛቸው ዠመር።

እዚህ ላይ የሚነሣው ሙግት ትክክለኛ ነው። በጎ ፈቃደኛዪቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደምትረዳው ቤት ድኻ ናት፤ የቀን ሥራዋን ትታ ስትዞር የራሷ ምጣድ ይቀዘቅዛል። በኢየሩሳሌም የመበለታት ማእድ በተጓደለ ጊዜ ሐዋርያት ሰባት ሰዎች አስመርጠው እጃቸውን ጭነው ሾሙአቸው እንጂ፥ ሥራውን ለደግ ልብ ብቻ አልተዉትም። ዕድሮቹም ለሕሙማኑ ድርሻ ሲለዩ፥ ለምታገለግለዪቱ ሴት ቢያንስ የትራንስፖርትና የሳሙና ዋጋ መቊረጥ ይገባቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ምስጋና ብቻ ሰጥተዋታል።